ሁለት ሳብዉፈር በአንድ አምፕ፦ ዋት ከመጨመርህ በፊት ኦሙን ቁጠር

የደብረ ማርቆሱ ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ኮሮላህ ላይ ሁለት ባለ 12 ኢንች ሳብዉፈር (ቤዝ ብቻ የሚያወጣ ትልቅ ስፒከር) አስገጥመሃል። ሁለቱም ባለ ሁለት ኮይል (ኮኑን የሚያንቀሳቅስ የሽቦ ጥቅል) ናቸው፤ እያንዳንዱ ኮይል 4 ኦም ነው። ኦም ከረንትን የመቋቋም መለኪያ ነው፤ ባነሰ ቁጥር ብዙ ከረንት ይሳባል። የአንዱ ሳብዉፈር አቅም 300 ዋት አር ኤም ኤስ (ሳያቋርጥ የሚችለው ኃይል) ነው። አምፑ (ድምፁን የሚያጎላው መሣሪያ) ሞኖ ነው፣ ማለትም አንድ ቻናል ብቻ ያለው፤ ወረቀቱ ላይ በ4 ኦም 350 ዋት፣ በ2 ኦም 600 ዋት ይላል። ቤዙ ጠንከር ሲል ቀይ መብራት ያበራና ጸጥ ይላል። የገጠመልህ ልጅ ደግሞ «አምፑ አንሶህ ነው፣ ባለ 2000 ዋት ግዛ» ብሎሃል።

አትግዛ። በእኔ ግምት አምፑ አላነሰህም። የተሳሳተው የኮይሎቹ አያያዝ ነው። እሱን ለማስተካከል ግማሽ ቀን፣ አንድ ካቻቪቴና አንድ ቴስተር ይበቃሃል።

እኔ ባሕር ዳር ነው የምኖረው። የራሴንም የጓደኞቼንም መኪና ድምፅ ስሠራ ዓመታት አልፈዋል። ያንተ ዓይነት ችግር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ይኸው ነው።

አንተ ጋ በድምሩ አራት ኮይል አለ። አራቱንም ፓራለል ካያያዝካቸው፣ ማለትም ፖዘቲቩ ሁሉ አንድ ላይ፣ ኔጋቲቩ ሁሉ አንድ ላይ ከሆነ፣ አምፑ የሚያየው 1 ኦም ነው። 4ን ለ4 ማካፈል ነው። አምፕህ ግን የሚችለው እስከ 2 ኦም ድረስ ነው። መራዊ አካባቢ የቆጋን መስኖ አይተህ ከሆነ ነገሩ ቶሎ ይገባሃል። ከአንድ ቦይ አንድ በር ስትከፍት ውኃው በልክ ይሄዳል። አራቱን በር አንድ ላይ ከከፈትክ ቦዩ ሊያመጣ ከሚችለው በላይ ይጠየቃል። አምፑም እንደዚያው ነው። ከአቅሙ በላይ ከረንት ሲሳብበት ራሱን ለማዳን ይጠፋል። ቀዩ መብራት የሚነግርህ ይህንን ነው።

አሁን አንድ ነገር ልብ በል። ብዙ ገጣሚዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በሁለት ባለ 4 ኦም ድርብ ኮይል ሳብዉፈር 2 ኦም ማግኘት አይቻልም። ወይ 1 ኦም፣ ወይ 4 ኦም፣ ወይ ሁሉንም ሲሪስ አድርገህ (አንዱን ከሌላው ኋላ ቀጥለህ) 16 ኦም ነው። 2 ኦም የሚመጣው ሁለቱ ሳብዉፈሮች ባለ 2 ኦም ድርብ ኮይል ቢሆኑ፣ ወይም ነጠላ ኮይል ያላቸው 4 ኦም ቢሆኑ ነበር። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ያለው 600 ዋት በእነዚህ ሁለት ሳብዉፈሮች ላንተ አይሆንም። ሲገዙ አብረው አልታሰቡም። የአንተ ጥፋት አይደለም፤ ሻጩ ሊነግርህ ይገባ ነበር።

መጀመሪያ ግምቴን አረጋግጥ። የሳብዉፈሩን ገመድ ከአምፑ ንቀል። ቴስተሩን ኦም ላይ አድርግ። ሁለቱን ጫፍ እርስ በርስ አነካካና የሚያሳየውን ቁጥር ያዝ፤ ርካሽ ቴስተር 0.3 ወይም 0.4 ሊያሳይ ይችላል፣ እሱን ኋላ ትቀንሰዋለህ። ከዚያ የሳብዉፈሩን ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ንካ። ቴስተር ሁልጊዜ ከተጻፈው ትንሽ ዝቅ አድርጎ ያነባል። 0.9 አካባቢ ካየህ 1 ኦም ላይ ነው ያለኸው፤ ጉዳዩ አለቀ። 3.5 አካባቢ ካየህ ግን ኮይሎቹ ደህና ናቸው፣ ጥፋቱ ከባትሪ በሚመጣው ገመድ ወይም በሙቀት ነው። ሁለቱንም ከታች አወራቸዋለሁ።

1 ኦም ከሆነ እንዲህ አስተካክለው። በእያንዳንዱ ሳብዉፈር ላይ የአንዱን ኮይል ኔጋቲቭ ከሌላው ኮይል ፖዘቲቭ ጋር በአጭር ሽቦ አገናኝ። ከዚያ ሳብዉፈሩ ላይ አንድ ፖዘቲቭና አንድ ኔጋቲቭ ይቀሩሃል፤ 8 ኦም ሆነ ማለት ነው። ሁለቱን ሳብዉፈሮች ደግሞ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ አገናኛቸው። 4 ኦም ሆነልህ።

ሳጥኑን ከመዝጋትህ በፊት አንድ የባትሪ ድንጋይ ውሰድ፣ ባለ 1.5 ቮልቱን። ፖዘቲቩን ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቩን ከኔጋቲቭ ለአፍታ ነካ አድርግ። ሁለቱም ኮኖች «ጡቅ» ብለው ወደ ውጭ መውጣት አለባቸው። አንዱ ወጥቶ ሌላው ከገባ አንዱ ተገልብጧል። ያኔ አንዱ የሚገፋውን አየር ሌላው ይስበዋል፣ ቤዙም ይጠፋል። ሰው ይህን ሳያይ አምፕ ሲቀይር፣ ሳጥን ሲያሠራ ያሳዝነኛል።

ከ600 ወደ 350 ወረድኩ ብለህ አትዘን። ዋት በግማሽ ሲቀንስ ድምፁ በግማሽ አይቀንስም። የሚወርደው 3 ዴሲቤል ነው፤ ያንተ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። መኪና ውስጥ ተቀምጠህ ልዩነቱን እምብዛም አታስተውለውም። ሳይጠፋ የሚዘፍን 350 ዋት በየደቂቃው ከሚጠፋ 600 ዋት ይሻላል።

ወደ ገመዱ ልምጣ። 350 ዋት ለማውጣት አምፑ ከባትሪው ከዚያ በላይ ይወስዳል። ክላስ ዲ የሚባለው ዓይነት ከሚወስደው 80 በመቶ ያህሉን ወደ ድምፅ ይቀይራል፣ የቀረው ሙቀት ይሆናል። በ13.5 ቮልት ሲሰላ 32 አምፒር አካባቢ ነው። 600 ዋት ቢሆን ኖሮ 55 አምፒር ይደርስ ነበር። ለዚህ 4 ጌጅ ገመድ እመክርሃለሁ፤ በእኛ አቆጣጠር 21 ካሬ ሚሊሜትር ያህል ነው። ገበያ ላይ የሚሸጠው ብዙው ገመድ ውጩ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። በቢላ ፋቅ አድርገው። ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ አይደለም። መጠቀም ትችላለህ፣ ግን አንድ ደረጃ ወፍራሙን ውሰድ። አምስት ሜትር ቀጭን 8 ጌጅ አሉሚኒየም ላይ 55 አምፒር ብትልክ አንድ ቮልት ሊደርስ የሚችለውን ገመዱ ራሱ ይበላዋል። ቤዙ ሲመታ የፊት መብራትህ ቦግ እልም የሚለውም ብዙ ጊዜ ገመዱና ግራውንዱ (ከአምፑ ወደ መኪናው ብረት የሚታሰረው ኔጋቲቭ ገመድ) ሲደክሙ ነው።

ፊውዙን በተመለከተ በፍጹም ቸል አትበል። ከባትሪው ከአንድ ክንድ ባልበለጠ ርቀት ላይ ይሁን። ፊውዙ የሚጠብቀው ገመዱን ነው፤ አምፑ የራሱ አለው። የአንድ ጓደኛዬ መኪና ይህ ፊውዝ አልነበረውም። ገመዱ ከሞተሩ ክፍል ወደ ውስጥ የሚገባበት የቆርቆሮ ቀዳዳ ጎማ አልተደረገለትም። ኮረኮንቹ እየነቀነቀ ላስቲኩን ፋቀው። ፍኖተ ሰላም መግቢያ ላይ ከእግሩ ሥር ጭስ ወጣ። ወርዶ የባትሪውን ብሎን በፒንሳ እስኪፈታ ድረስ ምንጣፉ ቀልጦ ነበር። ሰው አልተጎዳም፤ ግን ልጆቹ ከኋላ ተቀምጠው ነበር። ለአንተ 4 ጌጅ የ60 አምፒር ፊውዝ ይበቃሃል።

ግራውንዱ አጭር ይሁን፤ ውፍረቱ ከፖዘቲቩ እኩል ይሁን። ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት አጽድተህ ብረቱ ሲያበራ እሰረው። የመቀመጫ ቀበቶ ብሎን ላይ አትሰር። ከቴፑ የሚመጣውን የድምፅ ገመድ ደግሞ ከፖዘቲቩ በተቃራኒ ጎን አሳልፈው። ነዳጅ ስትሰጥ አብሮ የሚያፏጭ ድምፅ ከሰማህ መጀመሪያ የምታየው ይህንንና ግራውንዱን ነው።

አምፑ በቤዙ ምት ላይ ሳይሆን ግማሽ ሰዓት ዘፍኖ ከሆነ የሚጠፋው ነገሩ ሌላ ነው። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ ስመለስ ዓባይ በረሃ ታች ድልድዩ አካባቢ አምፔ ጠፋ። ደጀን ወጥቼ ብርዱ ሲነካኝ ራሱ ተነሣ። ኋላ የዕቃ መጫኛውን ስከፍት ሁለት ሻንጣና አንድ ጋቢ አምፑ ላይ ተጭነው ነበር። የአምፑ ብረት እጅ አያስነካም። ሙቀቱን የሚያወጣበት አየር ካላገኘ ትልቁም ትንሹም ይጠፋል። ከኋላ ወንበር ጀርባ ላይ እሰረው፤ ዕቃ የማይደርስበት ቦታ ይሁን።

የመጨረሻው ጌይን ነው፤ እኔን ብዙ ያስከፈለኝ እሱ ነው። የመጀመሪያው ሳብዉፈሬ 250 ዋት፣ አምፑ 300 ዋት ነበር። ይመጣጠናሉ። በጥር ወር ዳንግላ ሰርግ ነበረን፤ የሙሽሮቹን መኪና ተከትዬ ስሄድ ከበሮው ከፍ እንዲልልኝ ጌይኑንም ቤዝ ቡስቱንም (ቤዙን ብቻ የሚያጎላውን ማዞሪያ) እስከ ጫፍ አዞርኳቸው። ከተማው ሳልደርስ የተቃጠለ ቫርኒሽ የመሰለ ሽታ መኪናውን ሞላው። አቁሜ ኮኑን በሁለት እጄ ቀስ ብዬ ስጫነው ውስጡ አሸዋ የገባበት ይመስል ተፋጨ። ኮይሉ ተቃጥሎ አብጦ ነበር። ጌይን የድምፅ ማስጨመሪያ አይደለም። ከቴፑ የሚመጣውን ሲግናል ከአምፑ ጋር ማመጣጠኛ ነው። ከልኩ ሲያልፍ ሞገዱ ጫፉ ይቆረጣል። ያኔ አምፑ ከተጻፈበት በላይ ሊያወጣ ይችላል፣ ኮይሉም የሚቀዘቅዝበት ፋታ ያጣል።

እንዲህ አስተካክለው። የ50 ኸርዝ ቶን ፍላሽ ላይ ጫን። ሳብዉፈሩን ከአምፑ ንቀል። ቤዝ ቡስቱን ዜሮ አድርግ፣ ጌይኑን እስከ ታች አውርድ። መኪናው ይነሣ። የቴፑን ድምፅ ሦስት አራተኛ ላይ አድርስ። ቴስተሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርገህ በአምፑ መውጫ ላይ ያዝና ጌይኑን ቀስ እያልክ አዙር። 350ን በ4 አባዛና ስኩዌር ሩቱን ውሰድ፤ 37.4 ይመጣል። እኔ ብሆን 35 ቮልት ላይ አቆማለሁ። ከዚያ ሎው ፓሱን (ቤዙን አሳልፎ ከዚያ በላይ ያለውን ድምፅ የሚያግደውን) 80 ኸርዝ ላይ አድርገው።

ወደፊት ገንዘብ ካገኘህና ሁለቱንም ሳብዉፈሮች በሙሉ አቅማቸው ልስማ ካልክ፣ የምትፈልገው በ1 ኦም የሚሠራ፣ 600 ዋት አር ኤም ኤስ የሆነ ሞኖ አምፕ ነው። በጉልህ የተጻፈውን 2000፣ 3000 ዋት አትመን። ገልብጠህ ፊውዙን እይ። 30 አምፒር ብቻ ከሆነ በ13.5 ቮልት የሚገባው ኃይል 405 ዋት ነው፤ የሚወጣው 320 አካባቢ ነው። 3000 ከየት ይመጣል? ሲኢኤ 2006 (አሁን ሲቲኤ 2006 ይባላል) የሚል የኃይል መለኪያ ደረጃ ምልክት ካለበት ደግሞ ዋቱ በ14.4 ቮልት፣ በ4 ኦም፣ ከ1 በመቶ ባልበለጠ መዛባት ተለክቷል ማለት ነው። እንደዚያ ያለውን ፈልግ።

አሁን ግን ከቴስተሩ ጀምር። ያነበብከውን ቁጥርና የገመድህን ውፍረት ጻፍልኝ፤ ከተቻለ የሳብዉፈሩን ጀርባ ፎቶ አንሥተህ ላክ። ቅዳሜ ማታ እገባለሁ፣ አብረን እናየዋለን።