የአጎትህ ሮኬት ይበራል፤ ግን ጭራውን አታክብድበት

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። የአጎትህ የድሮ ሞዴል ሮኬት ከካርቶን ውስጥ ወጥቷል። አንድ ክንፉ ተሰብሯል፣ የወረቀት ቱቦው ከላይ በኩል ተጨፍልቋል፣ ላስቲኩ ሲነካ ይፈረፈራል፤ አብረውት ደግሞ ሦስት ያልተተኮሱ ሞተሮች አሉ። «ላስወንጭፈው ወይስ መደርደሪያ ላይ ላስቀምጠው?» ብለሃል። እንደ እኔ አስወንጭፈው። የተሰበረውን ሁሉ መጠገን ይቻላል።

በነዚያ ሞተሮች ግን እንዳትሞክረው። ባሩዱ ውስጣቸው በኃይል ተጠቅጥቆ ነው የሚሞላው። ለዓመታት ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቅበት ይሰነጠቃል ወይም ከቅርፊቱ ይላቀቃል። ያኔ እሳቱ በአንድ ገጽ ተራ በተራ መንደዱን ትቶ በስንጥቁ ሁሉ ይገባል። ሞተሩም ይፈነዳል። ከውጭ ስታየው ደግሞ አዲስ ነው የሚመስለው። እኔ አንዴ «ከሚባክን» ብዬ የቆየ ሞተር ተጠቅሜ፣ የሦስት ሳምንት ሥራዬ ገና ከማስወንጨፊያው ዘንግ ሳይነሳ ተበጣጠሰ። ሁላችንም ራቅ ብለን መቆማችን ነው ያዳነን። ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋቸው፤ ፈራርሰው ጭቃ ሲሆኑ ጣላቸው።

ላስቲኩንም ሙሉ በሙሉ ቀይረው። አፍንጫውን ከቱቦው ጋር የሚያያይዘው እሱ ብቻ ነው። ፓራሹቱ ሲወጣ ከተበጠሰ ቱቦው እንደ ድንጋይ ይወርዳል። ርዝመቱ ከሮኬቱ ቁመት ሁለት እጥፍ አይነስ። ፓራሹቱ ፕላስቲክ ከሆነ ተጣብቆ ይሆናል፤ ቀስ ብለህ ዘርጋውና ታልክ ፓውደር ነስንስበት።

አሁን ወደ ክንፉ። ስባሪው ካለህ መልሰህ አጣብቀው። ከጠፋ ደህናውን ክንፍ ባልሳ በሚባለው ቀላል እንጨት ላይ አስምረህ ቁረጥ። የእንጨቱ ጭረት ከክንፉ የፊት ጠርዝ ጋር ትይዩ ይሁን። ጭረቱ ከቱቦው ጋር ትይዩ ከሆነ ክንፉ መሬት ሲነካ ቀጭ ይላል። ኮላው የሚይዘው ወረቀቱን እንጂ ቀለሙን አይደለም። ስለዚህ ክንፉ የሚያርፍበትን ቦታ ወረቀቱ እስኪታይ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው። ተራ የእንጨት ኮላ ይበቃል። ሁለቱንም ገጽ በስሱ ቀብተህ ትንሽ ጠርቀም እስኪል ጠብቅ። ከዚያ ደግመህ በስሱ ቀባና ግጠመው። ወዲያው ይይዝልሃል። ሲደርቅ ከወረቀቱ ይበልጥ ይጠነክራል።

የቱቦው ጉዳት ትንሽ ጎድጎድ ያለ ብቻ ከሆነ ስስ ሱፐር ግሉ አጠጥተህ ሲደርቅ አስተካክለው። ከተጨፈለቀ ግን ያን ክፍል ቁረጠው። ወረቀት ዙሪያውን ጠምጥመህ ጫፎቹን ካጋጠምክ ቀጥ ያለ የመቁረጫ መስመር ታገኛለህ። አዲሱን ቁራጭ በውስጥ ማያያዣ ቱቦ ቀጥልበት። ማያያዣውን ስታስገባ መሀል ላይ እንዳትቆም። ኮላው በሴኮንዶች ውስጥ ይነክሰውና ወደፊትም ወደኋላም አይልም። ቁመቱንም እንደ ድሮው አድርገው፤ ካሳጠርከው አፍንጫው ወደ ጭራው ይጠጋና ሚዛኑ ይለወጣል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ሚዛን ላይ ነው። እኔም መጀመሪያ የጠገንኩት ሮኬት ላይ ለጥንካሬ ብዬ የክንፎቹን ሥር ኮላ ሞላሁት፣ በስቱኮ አለሰለስኩት፣ ሦስት ጊዜ ቀለም ቀባሁት። በጣም ያምር ነበር። ከዘንጉ እንደተላቀቀ ግን ተገለበጠና በአግድም መጥቶ አጥር ላይ ተሰካ። የጨመርኩት ክብደት በሙሉ ጭራው ላይ ነበር። ሮኬት ቀጥ ብሎ የሚሄደው የክብደቱ መሀል (ሚዛን የሚይዝበት ቦታ) ከአየር ግፊቱ መሀል (የአየሩ ግፊት ከሚያርፍበት አማካይ ቦታ) ቀድሞ ወደ አፍንጫው ሲጠጋ ነው። በመካከላቸው ቢያንስ የቱቦው ውፍረት ያህል ርቀት ይኑር።

የአየር ግፊቱን መሀል ለማግኘት ጄምስ ባሮውማን በ1960ዎቹ ያወጣው ስሌት አለ። ከዚያ በፊት ሰው የሮኬቱን ጥላ ቅርጽ ከካርቶን ቆርጦ ሚዛኑን ይፈልግ ነበር። የካርቶኑ ዘዴ ከስሌቱ ይልቅ ወደ ጥንቃቄ ስለሚያደላ ላንተ ይበቃሃል። ከዚያ ሞተሩንና ፓራሹቱን ጨምረህ፣ ሮኬቱ ሚዛን የሚይዝበት ቦታ ላይ ሦስት ሜትር ያህል ክር እሰርና ከራስህ በላይ አሽከርክረው። አፍንጫው ከቀደመ ጥሩ ነው። ካልቀደመ አፍንጫው ውስጥ የሞዴሊንግ ጭቃ ጨምርና ድገመው።

ለቀለሙ እኔ ብሆን የምቀባው የጠገንኩትን ብቻ ነው። ቀለም ክብደት ነው፤ አዲስ ቀለም አሮጌው ላይ ሲያርፍም ሊያኮማትረው ይችላል። ደግሞም የአጎትህ እጅ ያረፈበት ቀለም አንዴ ከተፋቀ አይመለስም።

ሞተር ስትገዛ ኮዱን አንብብ። ቢ6-4 ላይ «ቢ» ጠቅላላ ጉልበቱን ይነግርሃል፤ እስከ 5 ኒውተን ሴኮንድ ማለት ነው። ቀጣዩ ፊደል ያን እጥፍ ያደርገዋል። 6 አማካይ ግፊቱ በኒውተን ነው። 4 ደግሞ ነዶ ካለቀ በኋላ ፓራሹቱ እስኪወጣ የሚቆየው ሴኮንድ ነው። የሞተር ማቀፊያው 18 ሚሊሜትር ከሆነና ሮኬቱ ቀላል ከሆነ በኤ8-3 ጀምር። ዝቅ ብሎ ስለሚሄድ አካሄዱን በዓይንህ ትከታተላለህ። ነፋስ በሌለበት ቀን ይሁን፤ አምስት ሜትር ራቅ ብለህ በኤሌክትሪክ ለኩሰው።

የተሰበረው ክንፍ ሥሩ ላይ ቱቦውን ይዞ የተገነጠለ ከሆነ ግን አሠራሩ ትንሽ ይለያል። ኮላ ከመቀባትህ በፊት ፎቶውን ላክልኝ።