ሮለር ኮስተር መገምገም ለምትመኙ የወሎ ልጆች

ልጆቼ፣ አብሽሩ። ደሴ ከተመለስኩ ወዲህ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ ሮለር ኮስተር፣ ማለትም በመዝናኛ ፓርክ ውስጥ በአቀበትና ቁልቁለት ሐዲድ ላይ የሚከንፈውን ባቡር፣ እየተሳፈሩ መጻፍ እንዴት መተዳደሪያ ይሆናል? እኔን ያኖረኝ ግምገማው አይደለም። ባሕር ያሻገረኝ ኮምቦልቻ የተማርኩት የመካኒክነት ሙያ ነው፤ በዓረብ አገር የመዝናኛ ፓርክ ጥገና ክፍል ውስጥ ኩሽኔታ ስቀይር፣ ብሎን ሳጠብቅ ቤተሰቤን አስተዳደርኩ። ግምገማው ከዚያው ሥራ ጎን የበቀለ ፍቅር ነው። ገቢ ማምጣት ከጀመረ በኋላም እንጀራዬን ሙሉ በሙሉ ጥዬበት አላውቅም። የእጅ ሙያ ይዛችሁ ግቡበት።

ገምጋሚ የሚባለው ሰውነቱ የተሰማውን ከነምክንያቱ መናገር የሚችል ሰው ነው። “ልብ ያጠፋል” ማንም ይላል። የት ላይ? ለምን? ስንተኛው ወንበር ላይ? ባቡሩ ጫፉን ሲሻገር የፊተኛው ፉርጎ አፋፉ ላይ ለአፍታ ይንጠለጠላል፤ የኋለኞቹ ገና አቀበቱ ላይ ስለሆኑ ወደ ኋላ ይይዙታል። የመጨረሻው ፉርጎ ጫፉ ላይ ሲደርስ ግን ከፊቱ ያለው ክብደት ሁሉ ቁልቁል ወርዶ እየጎተተው ነው። ተነጥቆ ይሻገራል፤ ተሳፋሪውም ከወንበሩ ብድግ ይላል። ሁለቱም ቦታ ሳይቀመጡ የተጻፈ ግምገማ አላምንም። ሰዓቱንም መዝግቡ፤ ጠዋት ግሪሱ ቀዝቅዞ ሲንቀረፈፍ ያያችሁት ባቡር፣ ከሰዓት በኋላ ኩሽኔታው ሲሞቅ ፍጥነቱ ይለወጣል።

አቀበቱን ሲወጣ የሚሰማው “ቀጭ፣ ቀጭ” የሚል ድምፅ ስንቱን አስለቅሷል! እኔ ከሥሩ ተንበርክኬ አይቸዋለሁ። ከፉርጎው ሆድ የተንጠለጠለ የብረት ምላስ፣ በሐዲዱ መሐል በተደረደሩት ጥርሶች ላይ አንድ በአንድ እየወደቀ ነው የሚጮኸው። አቀበቱን የሚጎትተው ሰንሰለት ቢበጠስ ባቡሩ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት የሚይዘው እሱ ነው። ሰው የሚሸበርበት ድምፅ ጠባቂው መሆኑን የሚነግር ገምጋሚ፣ ለአንባቢው ከጀብዱ ወሬ የበለጠ ነገር ይሰጠዋል።

ታሪኩንም አጥኑ፤ ዘመኖቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፍላችኋለሁ። ላማርከስ ቶምፕሰን በ1884 በኒው ዮርኩ ኮኒ አይላንድ የከፈተው ባቡር በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ይጓዝ ነበር፤ ሰው ግን 5 ሳንቲም እየከፈለ ተሰለፈ። በ1895 እዚያው የተሠራው ፍሊፕ ፍላፕ የሚባል ሮለር ኮስተር ተሳፋሪውን ዘቅዝቆ የሚያዞር፣ ፍጹም ክብ የሆነ የሐዲድ ቀለበት ነበረው። ባቡሩ ክቡ ውስጥ ሲገባ ኃይሉ በድንገት ስለሚያርፍ የተሳፋሪዎችን አንገት ይጎዳ ነበር። ጀርመናዊው መሐንዲስ ቬርነር ሽቴንግል በ1976 ሬቮሉሽን ለተባለው የካሊፎርኒያ ሮለር ኮስተር ቀለበቱን እንደ እንባ ጠብታ ከላይ ጠበብ፣ ከታች ሰፋ አድርጎ ነደፈው፤ ኃይሉም ቀስ እያለ የሚመጣ ሆነ። እኔ ከሁሉም የማከብረው ግን አሜሪካዊውን የሮለር ኮስተር ነዳፊ ጆን ሚለርን ነው። ከሐዲዱ ሥር ገብቶ ባቡሩ እንዳይነሳ የሚይዘውን ጎማ በ1919 በፈጠራ መብት አስመዘገበ። ያ ጎማ ባይኖር ከወንበር ብድግ የሚያደርግ ኮረብታ ማን ይደፍር ነበር?

በቁጥር አትታለሉ። አቡ ዳቢ ፌራሪ ወርልድ በተባለው የመዝናኛ ፓርክ ውስጥ በ2010 የተከፈተው ፎርሙላ ሮሳ በ5 ሰከንድ ገደማ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ተሳፋሪው የዓይን መከላከያ መነጽር ያደርጋል። ድንቅ ነው። ነገር ግን በ1927 የተከፈተው የኮኒ አይላንዱ ሳይክሎን የዚያን ግማሽ ፍጥነት እንኳን ሳይደርስ እስከ ዛሬ አድናቂ አላጣም።

ስለ ግብዣም ልንገራችሁ። አንድ ፓርክ የአውሮፕላን ትኬትና ሆቴል ችሎ ጋበዘኝ። የወንበሩ ማሰሪያ ጭን በመያዝ ፈንታ ሆድ ይጫን ነበርና ያንኑ ጻፍኩ። አንቀጹ እንዲወጣ ለመኑኝ፤ እምቢ አልኩ፤ ከዚያ ወዲህ ትኬቴን በራሴ ገንዘብ ነው የምገዛው። የሚያነብባችሁ ሰው ልጁን ይዞ ሊሳፈር ነው፤ ይህን አትርሱ።

እዚህ ሮለር ኮስተር የለም ብላችሁ ደግሞ እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቀመጡ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ ስትወርዱ አንድ ቀን ጋቢና፣ ሌላ ቀን የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጡ። በስልካችሁ ውስጥ ያለው አክስለሮሜትር (የፍጥነት ለውጥ መለኪያ) እየመዘገበ፣ እናንተ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ሰውነታችሁ በየትኛው ጥምዝ ወደየት እንዳዘነበለ፣ ሾፌሩ ማርሽ ሲቀንስ ደረታችሁ ወዴት እንደሄደ ያዙ። ከዚያ ከመዝገቡ ጋር አስተያዩት። ሁለት ገጽ ጻፉና አምጡልኝ፤ በቀይ እስክሪብቶ አርሜ እመልስላችኋለሁ።