መልስ፦ ናዚዎች ከገደሏቸው አይሁዳውያን የሙዚቃ ደራሲዎች የማንን ሥራ ላስቀድም?

እህቴ፣ ከማን ልጀምር ላልሽው፣ እኔ ጌዴዎን ክላይንን አስቀድማለሁ። ቼካዊ የፒያኖ ተጫዋችና የሙዚቃ ደራሲ ነበር። በ1941 እ.ኤ.አ. ቴሬዚን ወደሚባለው የአይሁዳውያን ማጎሪያ ተጋዘ። እዚያው ሆኖ ለቫዮሊን፣ ለቪዮላና ለቼሎ የደረሰውን ሥራ በኦክቶበር 1944 በጨረሰ በዘጠነኛው ቀን አውሽቪትዝ ወደሚባለው የናዚዎች የሞት ካምፕ አጓዙት። በቀጣዩ ጃንዋሪ በሌላ ካምፕ ሲሞት ገና 25 ዓመቱ ነበር።

የዚህን ሥራ መካከለኛ ክፍል ብቻሽን ሆነሽ አድምጪው። መነሻው የትውልድ ምድሩ የሞራቪያ የሕዝብ ዜማ ነው። ስንት ጊዜ ብሰማውም እዚያ ላይ ስደርስ የያዝኩትን ሥራ አስቀምጣለሁ።

ከዚያ የቪክቶር ኡልማንን ኦፔራ «የአትላንቲስ ንጉሠ ነገሥት»ን ፈልጊ። በቴሬዚን ተለማምደውት ሳይታይ ቀረ፤ ኡልማንም በአውሽቪትዝ ተገደለ። ኦፔራው ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ የወጣው በ1975 በአምስተርዳም ነው።