ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «ከዓረብ አገር ተመለስኩ፤ ልጄ ግን አልቀርብ አለችኝ»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ልጄን የሦስት ዓመት ልጅ እያለች ደሴ እናቴ ጋ ትቼ ኩዌት ሄድኩ። አምስት ዓመት ሰው ቤት ሠርቼ ዘንድሮ ተመለስኩ። አዲስ አበባ ቤት ተከራይቼ፣ ትምህርት ቤት አስመዝግቤ አመጣኋት። አሁን ስምንት ዓመቷ ነው። ግን አትቀርበኝም። እማዬ የምትለው አያቷን ነው፤ እኔን በስሜ ነው የምትጠራኝ። ያመጣሁላትን ልብስና ታብሌት ተቀብላ ዞር ትላለች። አያቷ ጋ እያለች ያልነበረባት፣ አልጋ ላይ መሽናት ጀምራለች። ጠዋት ጠዋት «ሆዴን አመመኝ» ትላለች። ተናድጄ ሁለት ጊዜ በቀበቶ መታኋት። ከዚያ ወዲህ ጭራሽ ዝም አለች። ጎረቤቶቼ «አያቷ አቅብጣት ነው፣ ጠበቅ አድርጊያት» ይሉኛል። እኔም ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅዎ አልጠላችዎትም። ይህንን ቀድሜ የምነግርዎ ለዚህ ነው፦ ጠላችኝ ብሎ ያመነ ወላጅ ወይ ይቆጣል ወይ ተስፋ ቆርጦ ይሸሻል፤ ሁለቱም ልጅቷን ይጎዳሉ።

እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሕፃን ሆስፒታል ሲተኛ ወላጅ እንደ ልቡ ገብቶ መጠየቅ አይፈቀድለትም ነበር። ተመራማሪዎቹ ጄምስ ሮበርትሰንና ጆን ቦውልቢ እነዚህን ልጆች ሲከታተሉ አንድ ነገር ደጋግመው አዩ። ልጁ መጀመሪያ ያለቅሳል፣ እናቱን ይጣራል። ቀጥሎ አንገቱን ደፍቶ ጭምት ይላል። በኋላ የተላመደ ይመስላል፤ ይበላል፣ ይጫወታል። እናቱ ስትመጣ ግን ፊቱን ያዞርባታል። የረሳት ይመስላል እንጂ አልረሳትም። እንደገና እንዳይጎዳ ራሱን እየጠበቀ ነው። እነዚያ ልጆች የተለዩት ለቀናት ወይም ለሳምንታት ነበር። የእርስዎ ልጅ አምስት ዓመት ጠብቃለች።

ሌላም ነገር አለ። ከደሴ ባመጧት ቀን እርስዎ ልጅዎን አገኙ፤ እሷ ግን ያሳደገቻትን አያቷን፣ ጓደኞቿንና ሰፈሯን በአንድ ቀን አጣች። ስለዚህ ጎረቤቶችዎ ቅብጠት የሚሉት ለእኔ ሐዘን ነው። በየቀኑ ከአያቷ ጋር በስልክ ያገናኟት። በአያቷ ላይ ክፉ ቃል አይናገሩ። ልጅ ከአንድ ሰው በላይ አጥብቆ መውደድ ይችላል፤ ለአያቷ ያላት ፍቅር ከእርስዎ ላይ የተቀነሰ አይደለም። በስምዎ ብትጠራዎትም «እማዬ በይኝ» ብለው አያስገድዷት። የትምህርት ቤት ዕረፍት ሲመጣ ደሴ ይውሰዷት፤ ከተቻለ አያቷ መጥተው ጥቂት ሳምንት አብረዋችሁ ይሰንብቱ።

አሁን ወደ ሽንቱ። ከስድስት ወር በላይ ደርቆ ያደረ ልጅ እንደገና አልጋ ላይ መሽናት ከጀመረ፣ መጀመሪያ አካላዊ ምክንያት መኖሩን ማየት ያስፈልጋል። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያመጣዋል። የሆድ ድርቀትም ያመጣዋል፤ አንጀት ውስጥ የተከማቸ ሰገራ ፊኛን ይጫናል፣ ሆድም ያማል። ስለዚህ የሽንትና የሰገራ ምርመራ ያሠሩላት፤ የጥገኛ ትላትልም በሰገራው ይታያል። ውኃ አብዝታ የምትጠጣ፣ ቶሎ ቶሎ የምትሸና፣ የምትከሳ ከሆነ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ያኔውኑ የደም ስኳሯ ይለካ። ትኩሳት፣ ሲሸኑ ማቃጠል ወይም ደም ካለም እንዲሁ። ከተወሰነ ሰው ጋር ብቻዋን ለመሆን የምትፈራ ከሆነ፣ ወይም ብልቷ አካባቢ ሕመምና ቁስል ካለ፣ ሳይቆጡ፣ በጥያቄ ሳያስጨንቋት በቀጥታ ሆስፒታል ይውሰዷት። አዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዳይ ሕክምናውንና የሕግ እርዳታውን በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል አለው።

ምርመራው ሁሉ ደህና ከሆነ፣ ምክንያቱ ጭንቀት የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ተኝታ የምታደርገውን ነገር ልትቆጣጠረው አትችልም። ስለዚህ ቅጣት አይሠራም፤ ጎረቤት ፊት ማሳፈር ደግሞ ያባብሰዋል። ፍራሹ ላይ ላስቲክ አንጥፉ። ማታ ከመተኛቷ በፊት መጠጥ ቀነስ ይበል፣ ሽንት ቤት ትሂድ። ጠዋት ረጥቦ ከተገኘ «ምንም አይደል፣ አንሶላውን እንቀይረው» ብለው ይለፉት። የሆድ ሕመሙም ጠዋት ትምህርት ቤት ሊኬድ ሲል ብቻ ከሆነና ቅዳሜና እሑድ ከሌለ፣ ውሸት ነው አይበሏት። የተጨነቀ ልጅ ሆዱን እውነት ያመዋል። ከአስተማሪዋም ጋር ይነጋገሩ፤ አዲስ ልጅ ስለሆነች በአነጋገሯ የሚስቁባት ልጆች ይኖሩ ይሆናል።

ቀበቶውን ይተዉት፣ እህቴ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው መመሪያ መምታት ልጅን እንደማያስተምር፣ ይልቁንም ጠበኝነትንና የስሜት ችግርን እንደሚያባብስ በግልጽ ይናገራል። ልጅዎ ከተመታች በኋላ ዝም ማለቷ ጨዋ መሆኗን አያሳይም፤ ፈርታለች። ቁጭ ብለው ይቅርታ ይጠይቋት። «መታሁሽ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሁለተኛ አልመታሽም» ይበሏት። «አንቺም እኮ አናደድሽኝ» የሚለውን አይጨምሩበት። በሌላ ቀን፣ ረጋ ስትሉ፣ ስለ መሄድዎም ያውሯት። በእንዲህ ያለ ጊዜ ብዙ እናቶች ልጁ ተኝቶ ሳለ ነው የሚወጡት፤ ልቅሶውን ማየት ስለማይችሉ። የሦስት ዓመት ልጅ ግን «ባጠፋ ነው የሄደችው» ብሎ ያስባል። ጥፋቷ እንዳልነበረ፣ ለምን እንደሄዱ፣ እዚያ ሆነው እንዴት ያስቧት እንደነበር በአጭሩ ይንገሯት። ካሁን በኋላም ሱቅ እንኳ ሲሄዱ ተደብቀው አይውጡ። «ሄጃለሁ፣ በዚህ ሰዓት እመጣለሁ» ይበሉ፤ ያሉት ሰዓት ላይም ይገኙ። እርስዎን እንድታምን የሚያደርጋት፣ ባሉት ሰዓት መምጣትዎን ደጋግማ ማየቷ ነው።

አሁን ዋናው ሥራ። በየቀኑ አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ ለእሷ ብቻ ይስጡ። ስልክ ይጠፋል፣ ቴሌቪዥን ይዘጋል። ጨዋታውን እሷ ትምረጥ፣ እሷ ትምራ። ደሴ ቅልሞሽ ትጫወት ከነበረ «አስተምሪኝ» ይበሏት። ሲሸነፉ ይሸነፉ። በዚያ ሰዓት ትምህርት አያስተምሩ፣ አያርሙ፣ እንደ ፖሊስ አይጠይቁ። የምታደርገውን እያዩ ብቻ ይናገሩ፦ «ጠጠሩን በአንድ እጅሽ ቀለብሽው!» ጥፋት ባጠፋችበት ቀን እንኳ ይህ ሰዓት አይሰረዝ፤ ቅጣት ማድረጊያ ከሆነ ዋጋ የለውም።

ፀጉሯን መሥራትንም በጣም እመክራለሁ። ሹሩባ ስትሠራ ልጅ ጉልበትዎ መሐል ትቀመጣለች፤ እጅዎ ይነካታል፣ ዓይን ለዓይን ግን አትተያዩም። ለመናገር የምታፍር ልጅ እንዲህ ሆና ብዙ ነገር ትናገራለች። መጀመሪያ ግን ይጠይቋት። እምቢ ካለች ይተዉት፣ በሌላ ቀን እንደገና ይጠይቁ። ማቀፍም እንዲሁ ነው፤ እሷ እስክትጠጋ ይጠብቁ። ስጦታውን ቀነስ ያድርጉ። ታብሌቱ አብራችሁ የምትሆኑበትን ሰዓት እየበላው ነው።

አለመምታት ሁሉን ነገር መፍቀድ አይደለም። ሁለት ሦስት ግልጽ ደንብ ይበቃል፦ የመኝታ ሰዓት፣ የቤት ሥራ፣ አለመሳደብ። ደንቡ ሲጣስ ቅጣቱ አጭርና ከጥፋቱ ጋር የተያያዘ ይሁን፤ የቤት ሥራ ካልተሠራ ታብሌቱ ዛሬ አይከፈትም፣ ነገ ግን ይከፈታል። ጥሩ ሲሠራም ሳይታይ አይለፍ። «ጎበዝ» ከማለት «ሳልነግርሽ ሳህኑን አነሳሽልኝ፣ አገዝሽኝ» ማለት ይሻላል። ንዴቱ ሲመጣብዎት ከክፍሉ ይውጡ፤ ውኃ ይጠጡ፣ ሲበርድልዎ ይመለሱ።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅዎ። ጥቂት ሳምንት መልካም ከሆነች በኋላ ልትከፋ ትችላለች። ትጮኻለች፣ «ወደ እማዬ መልሺኝ» ትላለች። ወደ ኋላ የተመለሰች ይመስልዎታል። ዝም ያለችው ልጅ መናደድ መጀመሯን ግን እኔ በደግ ነው የማየው፤ ቁጣዋን ልታሳይዎት ደፍራለች ማለት ነው። «አያትሽ ናፍቀውሻል፣ አውቃለሁ» ይበሏትና አብረዋት ይቀመጡ። ይህ በወራት እንጂ በቀናት አያልቅም። ለሦስት ወር ያህል ይህን አድርገው ምንም ለውጥ ካላዩ፣ ወይም መብላት ካቆመች፣ ወይም መሞትን ካነሳች፣ ለሕፃናት የአእምሮ ሐኪም ያሳይዋት፤ የመጨረሻው ከሆነ በዚያው ቀን።

ስለ ራስዎ በደብዳቤው አንድ መስመር ብቻ ነው የጻፉት፤ እንቅልፍ የለኝም የሚለውን። በሰው ቤት ያለ ዕረፍት ከሠሩ፣ ምናልባትም ብዙ ነገር ካዩ በኋላ እንቅልፍ ማጣት፣ መባነን፣ ቶሎ መናደድ የሚታከም ሕመም ነው። ልጅቷን ሊያስመረምሩ ሲሄዱ ለራስዎም ካርድ ያውጡ።