ሪሞት አልሰራ ያላችሁ ጠይቁኝ፦ ስለተጋረደ የቲቪና የሪሲቨር አይን

ሰላም ለሁላችሁ። ቲቪና ሪሲቨር መጠገን ከጀመርኩ ብዙ አመት ሆኖኛል፣ ሪሞቴ ተበላሸ ብሎ ከሚመጣልኝ ሰው ውስጥ የብዙው ሪሞቱም ደህና ቲቪውም ደህና ነው፣ መሀላቸው የሆነ ነገር ገብቶ ነው። ሰው ግን ይሄን ሳያይ ሄዶ አዲስ ሪሞት ይገዛል፣ እሱም አይሰራም፣ ከዛ ቲቪው ተቃጠለ ይባላል። በጣም ያሳዝነኛል። ስለዚህ ብራችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ጠይቁኝ።

አንድ ነገር ብቻ ልበልና ወደ ጥያቄ። የተለመደው ሪሞት የሚሰራው በብርሃን ነው። ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት በአይናችን የማይታይ ኢንፍራሬድ ታበራለች፣ በአብዛኛው በሰከንድ 38 ሺህ ጊዜ ብልጭ ድርግም እያለች። ቲቪው ላይ ጥቁር ትንሽ አይን አለች፣ እሷ ካላየች ምንም የለም። በቃ።

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ፣ ሳውንድባር (ረጅሙን የቲቪ ስፒከር) ገዝቼ ቲቪው ፊት ካስቀመጥኩ በኋላ ሪሞቱ እምቢ አለ፣ ተነስቼ ከላይ አስጎንብሼ ካልጫንኩ አይሰራም። ሳውንድባሩን ልመልሰው እንዴ?

መልስ፦ እንዳትመልሰው ወንድሜ። አይኗ ተሸፍናለች፣ ሌላ ችግር የለም። መጀመሪያ አይኗ የት እንዳለች ፈልግ፣ ብዙ ቲቪ ላይ ከታች ጠርዝ ስም የተጻፈበት ስር ወይ በቀኝ በኩል ቀይዋ መብራት አጠገብ ናት። ካላገኘሃት ሳውንድባሩን አንሳና ሪሞቱን ራቅ ብለህ እየጫንክ ሌላ ሰው የታችኛውን ጠርዝ በመዳፉ ቦታ ቦታውን ይሸፍንልህ፣ መዳፉ የሆነ ቦታ ላይ ሲያርፍ ሪሞቱ እምቢ ካለ እዛች ጋ ናት።

ከዛ ቀላሉን ቀድመህ ሞክር። ሳውንድባሩን ወደ ፊት ሳብ አድርገው፣ ብዙ ጊዜ አራት አምስት ሴንቲ ብቻ ይበቃል ምክንያቱም አንተ ሶፋ ላይ ስትቀመጥ ብርሃኑ ትንሽ ከላይ ነው የሚመጣው። ካልሆነ ቲቪውን ከፍ አድርገው፣ ሁለቱም እግሩ ስር እኩል የተቆረጠ ጣውላ፣ ግን ቤት ውስጥ ልጅ ካለ እባክህ ቲቪውን ከግድግዳው ጋር እሰረው፣ ይሄን ቸል እንዳትለው።

ሌላው፣ አንዳንድ ሳውንድባር ጀርባው ላይ ራሱ ኢንፍራሬድ የሚያስተላልፍ መብራት አለው፣ ከፊት ተቀብሎ ከኋላ ለቲቪው ይልክለታል። ሴቲንግ ውስጥ ጠፍቶ ሊሆን ስለሚችል ማኑዋሉን እየው። ይሄ ሁሉ ካልሆነ የሪሞት ኤክስቴንደር ግዛ፣ ከታች እየመጣሁበት ነው።

ጥያቄ፦ ሪሞቱ ነው ወይስ ቲቪው የሚለውን እንዴት ነው የማውቀው?

መልስ፦ በስልክሽ ካሜራ እህቴ። ካሜራውን ክፈቺና የሪሞቱን ጫፍ ወደ ሌንሱ አዙረሽ አንድ በተን ተጫኚ፣ ስክሪኑ ላይ ነጭ ወይ ሐምራዊ ብልጭታ ከታየሽ ሪሞቱ እያበራ ነው። በሴልፊው ካሜራ ሞክሪው፣ የኋላው በብዙ ስልክ ኢንፍራሬድ የሚከለክል ማጣሪያ ስላለው ላያሳይሽ ይችላል። መጀመሪያ እንደሚሰራ በምታውቂው ሌላ ሪሞት ሞክሪና ካሜራሽ እንደሚያይ አረጋግጪ።

ብልጭታው ካለ ሪሞቱን ተይው፣ ወደ ቲቪው አይን ሂጂ። ከሌለ ደግሞ ድንጋዩን ቀይሪ፣ የድንጋዩ ማስገቢያ ሽቦ አረንጓዴ ወይ ነጭ ዱቄት ይዞ ከሆነ በጥጥና በኮምጣጤ ጥረጊው፣ በደንብ አድርቂው፣ ከዛ ድንጋዩን መልሺ።

ጥያቄ፦ እናቴ ቤት ሪሲቨሩ ቡፌ ውስጥ ነው፣ መስታወቱ ሲዘጋ አይሰራም ሲከፈት ይሰራል። እናቴ ደግሞ አቧራ ይገባል ብላ ክፍቱን መተው አትወድም።

መልስ፦ እናትህ ልክ ናቸው፣ አቧራው ሪሲቨሩን ይገድለዋል። ግልጽ መስታወት ኢንፍራሬድ ያሳልፋል፣ ችግሩ ያለው ስቲከር የተለጠፈበት፣ አበባ የተቀባበት፣ ወይ እንደ መስታየት የሚያንጸባርቅ ሲሆን ነው። አንዱ ቤት ሄጄ ቡፌው መስታወቱ ንጹህ ነው፣ ሪሲቨሩም አዲስ ነው፣ ግን ሪሞቱ አልሰራ ብሏል። ተንበርክኬ በስልኬ መብራት ሳየው ለካ ሪሲቨሩ ላይ የተነጠፈው ዳንቴል ጫፉ በፊት ለፊት ወርዶ አይኗ ላይ ተንጠልጥሏል፣ አንዷ የክር አበባ ልክ እሷ ላይ። ሁለት ጣት ወደ ኋላ ሳብኩት፣ ሰራ። ሴትየዋ ሶስት ወር ሙሉ ቻናል የሚቀይሩት ተነስተው በእጃቸው ነበር። (ዳንቴሉን ለሌላም ምክንያት ብታነሱት ጥሩ ነው፣ የሪሲቨሩን መተንፈሻ ይደፍናል ያግለዋል።)

ያንተ መስታወት ከሆነ ችግሩ፣ ሪሲቨሩ ጀርባው ላይ አይአር (IR፣ ኢንፍራሬድ ማለት ነው) የሚል ትንሽ ቀዳዳ እንዳለው እይ። ትንንሾቹ ሪሲቨሮች ብዙዎቹ አላቸው፣ ብዙ ጊዜም ካርቶኑ ውስጥ ጫፉ ላይ ጥቁር አይን ያለበት ገመድ አብሮ ይመጣል፣ ሰው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ይጥለዋል። ገመዱን ሰክተህ አይኗን በቡፌው ጀርባ አውጥተህ ቲቪው ጠርዝ ላይ ለጥፋት። ገመዱ ጠፍቶ ሌላ የምትገዛ ከሆነ ግን ሪሲቨሩን ይዘህ ሂድና እዛው ሞክረው፣ ሶኬቱ አንድ አይነት ሆኖ ውስጡ ያለው የሽቦ አቀማመጥ ከብራንድ ብራንድ ይለያያል።

ጥያቄ፦ ኤክስቴንደር ያልከውን አስረዳን እስቲ

መልስ፦ እሺ። ሁለት ጫፍ አለው። አንዱ ጫፍ ተቀባይ አይን ነው፣ ከሶፋው በሚታይ ቦታ ይቀመጣል። ሌላኛው ጫፍ ትንሽ መብራት ነው፣ ቲቪው ወይ ሪሲቨሩ አይን ላይ ይለጠፋል። አንተ ሪሞቱን ስትጫን አይኑ ይቀበላል፣ መብራቷ ደግማ ታበራለታለች። ከአንድ በላይ መብራት ያለው ስላለ ቲቪውንም ሪሲቨሩንም ባንድ አይን ማዘዝ ይቻላል።

ሰው የሚሳሳትበት ሶስት ቦታ አለ። አንደኛ መብራቷ ልክ አይኗ ላይ ካልተለጠፈች አይሰራም፣ ስለዚህ ማጣበቂያውን ሳትልጥ በእጅህ ይዘህ እያንቀሳቀስክ ሞክርና ቦታውን ስታገኝ ለጥፍ። ሁለተኛ ብዙዎቹ በዩኤስቢ 5 ቮልት ነው የሚሰሩት፣ ሰው ደግሞ ቲቪው ላይ ባለው ዩኤስቢ ይሰካዋል፣ ብዙ ቲቪ ሲጠፋ ዩኤስቢውም አብሮ ይጠፋል፣ ያኔ ማጥፋት ትችላለህ ማብራት ግን አትችልም! በስልክ ቻርጀር ሰካው። ሶስተኛ ተቀባዩና መብራቷ እንዳይተያዩ አራርቃቸው፣ ከተያዩ የራሱን ትእዛዝ መልሶ እየተቀበለ ይረበሻል።

ጥያቄ፦ ጋሼ እኔ ምግብ ቤት አለኝ፣ ሪሲቨሩ ቢሮዬ ውስጥ ነው ቲቪው ግን አዳራሹ ውስጥ፣ መሀሉ ግድግዳ ነው

መልስ፦ ኢንፍራሬድ ግድግዳ አያልፍም፣ ተስፋ አታድርግ። ሁለት መንገድ አለህ። ግድግዳው ቀዳዳ ካለው ቅድም ያልኩትን ባለገመዱን ኤክስቴንደር አሳልፍ፣ በጣም አስተማማኙ እሱ ነው። ካልሆነ በሬዲዮ ሞገድ የሚሰራ አለ፣ አንዱን ቁራጭ አዳራሹ ሌላውን ሪሲቨሩ ፊት ታስቀምጣለህ፣ የሪሞቱን ብርሃን ወደ ሬዲዮ ቀይሮ በግድግዳው ያሻግርና እዛ ደግሞ መልሶ ብርሃን ያደርገዋል። ብዙዎቹ በ433 ሜጋኸርዝ ነው የሚሰሩት። ወፍራም ኮንክሪት ከሆነ ይደክማል፣ ስለዚህ ከመክፈልህ በፊት ቦታው ላይ ሞክር።

ጥያቄ፦ እኔ ጅዳ ነኝ፣ ጠዋት ይሰራል ከሰዓት ከ10 ሰዓት በኋላ አይሰራም፣ ማታ ደግሞ ይሰራል። እውነት ነው የምልህ።

መልስ፦ አምንሻለሁ እህቴ። መስኮትሽ ወደ ምዕራብ ነው አይደል? ፀሐይ ራሷ ብዙ ኢንፍራሬድ አላት፣ በቀጥታ አይኗ ላይ ስታርፍ የሪሞትሽ ብርሃን ይዋጣል፣ በፀሐይ ውስጥ ሻማ እንደማየት ማለት ነው። ያ 38 ሺህ ጊዜ ብልጭታ የተፈጠረው ሴንሰሩ የሪሞቱን ብርሃን ከሌላው እንዲለይ ነበር፣ ግን ከልክ ሲያልፍ እሱም አቅም ያጣል። ችግሩ አዲስ አይደለም፣ በ1955 ዜኒት የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ፍላሽማቲክ የሚል እንደ ባትሪ መብራት የሚያበራ ሪሞት ሰርቶ ፀሐይ ቲቪው ላይ ስታርፍ ቻናሉ በራሱ ይቀየር ነበር።

መጋረጃ ዝጊ ወይ ቲቪውን ትንሽ አዙሪው። ማታ ማታ ብቻ የሚቸገር ሰው ካለ ደግሞ አጠገቡ ያለውን አምፖል አጥፍቶ ይሞክር፣ አንዳንድ ቆጣቢ አምፖል ይረብሻል።

ጥያቄ፦ ሪሞቱን እንዳይቆሽሽ በላስቲክ ጠቅልዬ ፕላስተር ለጥፌበታለሁ ችግር አለው?

መልስ፦ አንድ ድርብ ግልጽ ላስቲክ ችግር የለውም። ግን ላስቲኩ አርጅቶ ሲደበዝዝ፣ ፕላስተሩም ጫፉ ላይ ሲደራረብ ብርሃኑን ይቀንሰዋል። ጫፏን ክፍት ተዉላት፣ ሌላውን ጠቅልሉት። አዲስ ቲቪ የገዛችሁም ጠርዙ ላይ የተለጠፈውን የካርቶን ስቲከርና ላስቲክ ላጡት።

ጥያቄ፦ እኛ ቤት ምንም የሚጋርድ የለም፣ ግን ከአንድ ሜትር በላይ አይሰራም። ድንጋይም ቀይረናል።

መልስ፦ ቡና የሚፈላው የት ነው?

ጠያቂዋ፦ እዛው ሳሎን፣ ቲቪው ስር ማለት ይቻላል። እጣንም ይጨሳል በየቀኑ

መልስ፦ እንግዲህ እሱ ነው ብዬ ነው የምገምተው። ጭሱ ቀስ በቀስ ቅባት ሆኖ አይኗ ላይ ይቀመጣል፣ በአይን ጥቁር ስለሆነች አይታይም። ቲቪውን ከሶኬት ንቀሉትና ጥጥ በትንሹ አልኮል ነክራችሁ፣ እንዳይንጠባጠብ ጨምቃችሁ፣ አይኗን ብቻ ጥረጉ፣ ስክሪኑን አትንኩት። ጥጡን አሳይኝ እስቲ። የሪሞቱንም ጫፍ እንዲሁ።

ጥያቄ፦ ቲቪ ጀርባ የሚሰካው የኢንተርኔት ቪዲዮ ማሳያ ስቲክ ግን ተደብቆም ይሰራል፣ ለምን?

መልስ፦ የሱ ሪሞት ብዙ ጊዜ ብሉቱዝ ነው፣ በሬዲዮ ሞገድ ስለሚሰራ መተያየት አይፈልግም። የስማርት ቲቪ ሪሞቶችም ብዙዎቹ ብሉቱዝ ናቸው ግን ማብሪያ ማጥፊያው ብዙ ጊዜ አሁንም በኢንፍራሬድ ነው፣ "ሁሉም ይሰራል ማብራት ብቻ እምቢ አለ" የምትሉኝ ሰዎች ምክንያቱ ይሄ ነው። ቲቪያችሁ ኤችዲኤምአይ ሲኢሲ፣ ማለትም ቲቪውና የተሰካበት እቃ በኤችዲኤምአይ ገመዱ እርስ በርስ የሚተዛዘዙበት ካለው (ሳምሰንግ አኒኔት ፕላስ፣ ኤልጂ ሲምፕሊንክ፣ ሶኒ ብራቪያ ሲንክ ይሉታል) ሴቲንግ ውስጥ አብሩት፣ ስቲኩ ሲነሳ ቲቪውን አብሮ ያስነሳዋል።

ጥያቄ፦ ሁለት አንድ አይነት ሪሲቨር አለን፣ አንዱን ስናዝ ሁለቱም ይቀየራሉ።

መልስ፦ ኮዳቸው አንድ ነው። እዚህ ላይ መጋረዱ ራሱ ነው መፍትሄው፣ ያንደኛውን አይን በጥቁር ናስትሮ ድርብርብ አድርጋችሁ ሸፍኑ፣ አንድ ድርብ አይበቃም ምክንያቱም ለኛ ጥቁር የሚመስል ፕላስቲክ ኢንፍራሬድ ሊያሳልፍ ይችላል፣ የሪሞቱ ጫፍ ራሱ ስንት ጊዜ ጥቁር ፕላስቲክ ነው። ከዛ ለተሸፈነው ኤክስቴንደር አድርጉለት፣ መብራቷን ከናስትሮው ስር አይኗ ላይ አስገብታችሁ፣ ተቀባዩን ወደ ሌላ ክፍል ወይ ወደ ሌላ ጥግ አዙሩት።

የሳውንድባሩ ጠያቂ፦ ወንድሜ ስድስት ሴንቲ ሳብኩት ሰራ!! ግን ወንበሩ ላይ ስተኛ አይሰራም

መልስ፦ ስትተኛ ሪሞቱ ከሳውንድባሩ በታች ይሆናል፣ ወደ ኮርኒሱ አዙረህ ሞክረው፣ ነጭ ኮርኒስ ብርሃኑን መልሶ ወደ ታች ይሰጥሃል።

የቡናዋ ጠያቂ፦ ጥጡ ቡናማ ሆነ ጋሼ! አሁን ከበሩ ጋ ሆኜ ቀየርኩት

መልስ፦ እሰይ። በየወሩ ጥረጊው፣ ረከቦቱንም ከቻልሽ ወደ ሌላኛው ግድግዳ አዙሪው።