መልስ፦ የዲዛይን ምርምር መሠረቱ ሳይንስ ነው ወይስ ልምድ?

ወንድሜ፣ የዲዛይን ምርምር (ነገሮች እንዴት እንደሚነደፉ የሚያጠናው ዘርፍ) የሚቆመው በሳይንስ ላይ ነው ወይስ በባለሙያው ልምድ ላልከው፣ ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። አሜሪካዊው ምሁር ኸርበርት ሳይመን በ1969 እ.ኤ.አ. ዲዛይንን ራሱን የቻለ ሳይንስ አድርጎ አቀረበው፤ በዋናነት ችግር መፍታት ነው ብሎ። ሌላው አሜሪካዊ ምሁር ዶናልድ ሾን በ1983 ይህን ተቃወመ፦ ችግሩ ተበጅቶ አይጠብቅህም፣ ባለሙያው እየሠራ ያስባል።

እኔ ወደ ሾን አደላለሁ። እስኪ ከጎንደር ወጣ ብለህ ወለቃ ያሉትን ሸክላ ሠሪዎች ተመልከት። የጀበናው አንገት ላይ ጭቃው ሲላላባት ሴትዮዋ እጇን ታቆማለች፣ በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ታየዋለች፣ ከዚያ ያሰበችውን ቅርጽ ትለውጣለች። ይሄ እኮ ዕውቀት ነው! ሳይመንን ግን ሳታነበው አትለፍ፤ የሾን ሙግት ያለ እሱ አይገባህም። ለመመረቂያ ጽሑፍህም ሁለቱን አንድ ምዕራፍ ውስጥ አፋጥጣቸው።