መልስ፦ ትንሽ ብር ለተማሪዎች ፕሮጀክት ምን ይሠራል?
"5,000 ብር ለሃይስኩል ልጆች ፕሮጀክት ምን ይረባል? ለቤተሰብስ?" ላልከው ወንድሜ፣ ይረባል እንጂ። እኛ እዚህ ጅማ የቡና ገለባ ሞልቶናል፣ ከመፈልፈያው ደጅ ተቆልሎ ይበሰብሳል። ተማሪዎቼ ከዚህ ገለባ የማገዶ ከሰል ይሠራሉ፤ ብሩ የሚሄደው ለአሮጌ በርሜል፣ ለብየዳና ለጓንት ነው። ልጆቹ ገለባውን ደጅ ላይ በርሜሉ ውስጥ አየር እንዳያገኝ አፍነው ያከስሉታል፣ ከሸክላ አፈር ጋር ለውሰው ይጠፈጥፉታል፣ ፀሐይ ላይ ያደርቁታል። የመጀመሪያው ዙር ክዳኑ አልገጥም ብሎ አየር አስገባና ጠዋት ስንከፍተው አመድ ብቻ! ስለ ኦክስጅን ከዚያ የተሻለ ትምህርት አስተምሬ አላውቅም። ቤተሰብ ላልከው፣ የአንዷ ተማሪ እናት ጀበና ጥዳበት "ጭሱ ደህና ነው፣ ግን ቶሎ አይያያዝም" ብላ ላከችብን። ከበያጁ ደረሰኝ አስቀድመህ ጠይቅ፣ አለበለዚያ ሂሳብ ስታወራርድ ጉድ ይፈላል።